ፐብሊክ ሌክቸር ለመግባት ተማሪ መሆን አያስፈልግም

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር "አሁን መብራት ሊሄድ ነው" የሚል አንድ ልብ። የተማርኩት እስከ 12ኛ ነው። ግን ስለ ዓባይ፣ ስለ ቀይ ባሕር፣ ስለ ብርና ዶላር የሰማኋቸውን ፐብሊክ ሌክቸሮች ብቆጥር አንዳንድ ተመራቂ ሳልበልጥ አልቀርም። ምስጢሩ ቀላል ነው። ማስታወቂያው የሚባዛው እኔ ጋ ነው።

ደንበኞቼ ሲሰሙ "እንዴ! አንቺ ደግሞ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" ይሉኛል። ፐብሊክ ማለት ሕዝብ ማለት አይደል? እኔስ ማን ነኝ? መሄድ ፈልጋችሁ እግራችሁ ለሚከብዳችሁ፣ እኔ እየተሳሳትኩ የለመድኩትን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ቦታውንና ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ግቢ ብቻ አይደለም። ዋናው ግቢ አለ፣ ግብርና አለ፣ ቴክኖሎጂው ኪቶ ፉርዲሳ ነው። አንድ ጊዜ የማስታወቂያውን 30 ኮፒ በገዛ እጄ አባዝቼ፣ ወረቀቱን ሳላነበው ዋናው ግቢ ሄድኩ። አዳራሹ ተቆልፏል። ለካ ፕሮግራሙ ግብርና ነው። በባጃጅ በርሬ ስደርስ ሰው ያጨበጭባል። የመጨረሻው ጭብጨባ ነበር።

ሰዓቱም እንዲሁ ያሳስታል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 8:30 የሚለው ብዙ ጊዜ የኛ 2:30 ነው። አንዳንዱ ደግሞ 2:30 ብሎ አጠገቡ "ሎካል ታይም" ይላል። ካልገባችሁ ከታች ያለው ስልክ ላይ ደውሉ፤ ለዚያ ነው የተጻፈው። ወሬውን ለማግኘት የበር ላይ ማስታወቂያ፣ የዩኒቨርሲቲው የፌስቡክ ገጽና የትምህርት ክፍሎች የቴሌግራም ቻናል ይበቃል። ጎረቤት ተከራይ ተማሪ ካላችሁ ደግሞ ከቻናሉም ይፈጥናል። መታወቂያ ያዙ፣ 20 ደቂቃ ቀደም በሉ፣ ክረምት ከሆነ ጃንጥላ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አንብቡ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የኔ ልማድ ሦስት ነገር ፈልጎ መጻፍ ነው፦ አንድ ዓመተ ምህረት፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ውል። ርዕሱ ዓባይ ነው እንበል። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብጽና ሱዳን ውኃውን ለሁለት ተካፈሉ። 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብጽ፣ 18.5 ለሱዳን። ኢትዮጵያ ውሉ ውስጥ የለችም። ይህችን ብቻ ይዛችሁ ብትገቡ ተናጋሪው "ታሪካዊ የውኃ ድርሻ" ሲል የቱን እንደሚል ገባችሁ ማለት ነው። አለበለዚያ ሰው አንገቱን ሲነቀንቅ አብሮ መነቅነቅ ነው። እኔም ብዙ ነቅንቄያለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። በውል ጉዳይ መፈረም፣ ማጽደቅና ሥራ ላይ መዋል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር። የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ለፊርማ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ኢትዮጵያ በዚያው በፈረንጁ አቆጣጠር በ2013 አጸደቀችው። ሥራ ላይ የዋለው ግን ስድስት አገር ካጸደቀው በኋላ፣ በጥቅምት 2024 ነው። በፊርማውና በሥራው መሀል 14 ዓመት! ስለዚህ መድረክ ላይ "ተስማምተናል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ በልባችሁ ጠይቁ።

አቀማመጥ። የፊት ወንበር የእንግዳ ነው፤ ብትቀመጡም ያስነሷችኋል። የኋላው ሹልክ ብሎ ለሚወጣ ነው። እኔ ሦስተኛ ወይ አራተኛ ረድፍ፣ መተላለፊያው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። ማይክ ይዞ የሚዞረው ልጅ በዚያ ነው የሚያልፈው።

ንግግሩ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። አትደንግጡ። ስላይዱን ተከተሉ፣ ያልገባችሁን ቃል በሰማችሁት ድምፅ በአማርኛ ፊደል ጻፉት፣ ሻይ ላይ አንዱን ተማሪ ጠይቁ። "ሶቨረንቲ"ን እንዲህ ነው ያወቅኋት። ሉዓላዊነት ለካ እሷ ናት።

ደብተሬን መሀል ለመሀል አጥፌ ለሁለት እከፍለዋለሁ። በቀኝ የሆነውን፣ በግራ የሚያስበውን። ቀን፣ ቁጥር፣ የሰነድ ስም ከጠራ በቀኝ ይገባል። "መሆን አለበት"፣ "አይቀርም"፣ "ይመስለኛል" ካለ በግራ። ስትወጡ የግራው ሞልቶ የቀኙ ባዶ ከሆነ ሰውየው ያወጋችሁ ሐሳቡን ነው። ክፉ አይደለም፤ ግን እወቁት። አምባሳደር ወይም ዲፕሎማት ሲሆን ደግሞ የላከውን መንግሥት አቋም ነው የሚናገረው። እሱ ዘንድ ያልተናገረው ነገር ከተናገረው እኩል ያወራል። አንዴ አንድ እንግዳ ስለ ጎረቤት አገር ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ንግድ መለሰ። እኔም ደብተሬ ላይ "ስለ ንግድ መለሰ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን የያዝኩት ትልቁ ነገር እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄ እንምጣ። ሰው የሚፈራው እዚህ ጋ ነው። እኔም የተዋረድኩት እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ማይክ ሲሰጠኝ ሰላምታ አቀረብኩ። አመሰገንኩ። አዘጋጆቹን አመሰገንኩ። ከዚያ አባቴ አጋሮ አካባቢ ቡና እንዳለው ተናገርኩ፣ መንገዱን አነሳሁ፣ የዘንድሮን ዋጋ አነሳሁ። መድረክ መሪው በትሕትና "እሺ፣ ጥያቄው?" አለኝ። ጥያቄው ጠፋ! ጭራሽ ከጭንቅላቴ ወጣ። "አመሰግናለሁ፣ ጨርሻለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሳቀ። ሁለት ወር አዳራሽ ዝር አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን የምጽፈው የተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ ነው። ከሁለት ዓረፍተ ነገር ካለፈ እሰርዛለሁ። ሰላምታው "ጤና ይስጥልኝ" ብቻ። "ጥያቄና አስተያየት አለኝ" አልልም፤ አስተያየቱን ለሻይ አቆየዋለሁ። "ስለ አፍሪካ ምን ያስባሉ?" አልልም፣ ለእሱ መልሱ ሌላ ሌክቸር ነው። በእንግሊዝኛም አልደናበርም። "ይቅርታ፣ በአማርኛ ልጠይቅ" እላለሁ፤ በኦሮምኛ የሚጠይቅም አለ፤ አንድ ሰው ይተረጉማል። ደግሞ ጥያቄዬ የማውቀው ነገር ላይ ይቆማል። እኔ የጂኦፖለቲካ ሰው አይደለሁም። የአባቴን ማሳ ግን አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን ርዕሱ የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ነው። ቡና፣ ካካዎ፣ አኩሪ አተር፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ እንጨትና የቀንድ ከብት በኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 (በፈረንጁ የ2020 የመጨረሻ ቀን) ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ከሆነ የአውሮፓ ገበያ አይገባም ይላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ወረቀቴ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የአባቴ ቡና ከግማሽ ሄክታር ትንሽ በለጥ ይላል፣ ዋንዛና ሰሳ ጥላ ሥር ነው ያለው። በዚህ ሕግ ማሳው ደን ነው ወይስ እርሻ?"

አነበብኩት። ከ20 ሰከንድ አይበልጥም። አዳራሹ ዝም አለ፤ ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው "እሱን ነው!" አለ።

ተናጋሪው መነጽሩን አወለቀ። ሕጉ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ከ5 ሜትር በላይ ዛፍ ያለውና የዛፉ ጥላ ከ10 በመቶ በላይ መሬቱን የሸፈነውን ነው አለ። እዚህ ላይ ልቤ ቀጥ አለ፤ የአባቴ ማሳ ቁጭ! ቀጠለ፦ ግን በዋናነት ለእርሻ የሚውል መሬት ከዚህ ውጭ ነው፣ በጥላ ዛፍ ሥር የሚለማም እርሻ ነው። ዋናው መሬቱ በዚያ በታኅሣሥ 22 ቀን ምን እንደነበረ ማሳየት መቻል ነው። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የካርታ ነጥብ፣ ማለትም ማሳው ካርታ ላይ የት እንዳለ የሚያሳይ ቁጥር፣ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ የማሳው ዙሪያ በሙሉ በነጥብ መነሳት አለበት። ይህ ሁሉ ስላይዱ ላይ አልነበረም።

ሲያልቅ ሮጣችሁ አትውጡ። ሻይና ቆሎ ካለ ጥሩ፤ ባይኖርም በሩ ጋ ቁሙ። ተናጋሪው ያኔ እንደ ሰው ያወራል። ስላይዱን በፍላሽ ጠይቁት፣ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይሰጣሉ። መድረክ መሪው "ቻታም ሃውስ ሩል" ካለ ግን የሰማችሁትን መጠቀም ትችላላችሁ፣ ማን እንዳለው መናገር አትችሉም። ስልካችሁን ወደ ኪስ።

የዚያን ዕለት ማታ ለአባቴ ደወልኩ። ከግማሽ ሄክታሩ እስከ ካርታው ነጥብ አንድ በአንድ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

"ነጥቡን የሚያነሳው ማን ነው?" አለኝ።

"በስልክ ይነሳል፣ አባዬ።"

"የኔ ስልክ ባለ በተን ነው። እሱን ጠየቅሽልኝ?"

አልጠየቅኩም። የተበላሸ ኮፒ ስቤ ጀርባው ላይ ጻፍኩት።