ፓይተን ጭናችሁ ኮምፒውተሩ አላውቀውም ካላችሁ

እስኪ ይቺን ልንገራችሁ፣ ትናንት አራት ኪሎ አክስቴ ቤት ስሄድ ልጇ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አልሰራ ብሎት ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጠፋና ሲጭን አገኘሁት፣ ተስፋ ሊቆርጥ ነበር፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ፣ ምክንያቱም ችግሩ አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት። ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ መጀመሪያ በሚመጣው ገጽ ታች በኩል ፓይተንን ፓዝ ውስጥ (ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር ማለት ነው) ጨምር የምትል ሳጥን አለች፣ ባዶዋን ነው የምትመጣው፣ ራይት የምታደርጉባት እናንተ ናችሁ። እሷን ካለፋችኋት ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት) ላይ ፓይተን ብላችሁ ስትጽፉ ወይ አላውቀውም ይላል ወይ ማይክሮሶፍት ስቶርን ይከፍትባችኋል፣ ያኔ አልተጫነም ብላችሁ እንዳታጠፉት፣ ተጭኗል፣ ዊንዶውሱ የት እንዳለ ስላላወቀ ነው።

ያወረዳችሁትን ፋይል መልሳችሁ ክፈቱት፣ ሞዲፋይ በሉ፣ ኔክስት፣ ከዛ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል የሚለው ላይ ራይት አድርጋችሁ ጨርሱ። ጥቁሩን መስኮት ደግሞ ዝጉትና አዲስ ክፈቱ!! ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ቀድሞ የተከፈተው መስኮት አዲሱን ፓዝ አያየውም። አሁንም ስቶሩ ከመጣ ሴቲንግ ውስጥ አፕ ኤክስኪውሽን አሊያስ የሚለው ጋ ገብታችሁ የፓይተኖቹን አጥፏቸው።

እና ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ዊንዶውስ 7 ከሆነ የሚጫንላችሁ የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፣ ከ3.9 ጀምሮ ያሉት እምቢ ይላሉ፣ ስለዚህ አዲሱን ደጋግማችሁ እያወረዳችሁ ፓኬጃችሁን አትጨርሱ።