ለሁለት ሰው የሚሆን የቱርክ ጉዞ፦ ኤፌሶን፣ ፓሙካሌ፣ ቀጰዶቅያ

ከባለቤታችሁ ወይም ከፍቅረኛችሁ ጋር ቱርክ ለመሄድ ካሰባችሁ ኢስታንቡል ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። የጥንት ከተማ ፍርስራሽም ለየት ያለ መልክዓ ምድርም የምትወዱ ከሆነ መስመሩ ቀላል ነው። ከኢስታንቡል ኢዝሚር በአውሮፕላን፣ ከዚያ የኤፌሶን ፍርስራሽ አጠገብ ወዳለችው ሰልቹክ በባቡር፣ ከሰልቹክ ደግሞ በባቡር እስከ ዴኒዝሊ ሄዳችሁ በሚኒባስ ፓሙካሌ ትገባላችሁ፤ ከዚያ ቀጰዶቅያ ውስጥ እስካለችው ጎረሜ ድረስ የሌሊት አውቶቡስ አለ። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ትኬት አትቁረጡ።

ቀኑን ስታቅዱ ስንት ቦታ እናያለን ብላችሁ አትጀምሩ። የትኛው ቦታ በስንት ሰዓት ያምራል ብላችሁ ጀምሩ። ያለሰዓቱ የተሄደበት ቦታ ፀሐይና ግፊያ ነው፣ ሁለት ሰው ደግሞ የሚጣላው ሲርበውና ሲደክመው ነው። ከምሳ በኋላ እረፉ።

ኤፌሶን በሩ እንደተከፈተ ግቡ። ረፈድ ሲል ኩሻዳሲ ወደብ ከሚቆሙት ትልልቅ መርከቦች የወረደው ቱሪስት በአውቶቡስ ይጎርፋል። በላይኛው በር ግቡ፣ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ አይደክማችሁም። ጥላ የለም፣ ውሃና ኮፍያ ያዙ። እብነ በረዱ በሰው እግር ብዛት ስለለሰለሰ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት ፊት ያሉት አራት የሴት ሐውልቶች ቅጂ ናቸው፣ ዋናዎቹ ቪየና ነው ያሉት። ወደ 25,000 ሰው ይይዝ የነበረው ቲያትር ላይ ስትወጡ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን አንብቡ፣ ያ ሁሉ ሁከት የተነሳው እዚያው ነው።

አብዛኛው አስጎብኚ የሚዘለውን ቦታ ግን እናንተ እንዳትዘሉት። በታችኛው በር በኩል የማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። በ431 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ቄርሎስና ሌሎቹ አባቶች የንስጥሮስን ትምህርት አውግዘው እመቤታችን ወላዲተ አምላክ መሆኗን ያጸኑት በዚህች ከተማ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት ሦስተኛው ይኼ ነው። ሰው ስለማይበዛ ቁጭ ማለት ይቻላል።

ፓሙካሌ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ነጩ ተራራ በረዶ ይመስላል እንጂ ከፍል ውሃው የወጣ ካልሲየም ተነባብሮ የሠራው ድንጋይ ነው። በባዶ እግር ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ጫማ የምትይዙበት ቦርሳ ያስፈልጋል። ቦታ ቦታ ላይ ድንጋዩ እግር ይቆረቁራል፣ ቀስ በሉ። ውሃው በተራ ስለሚለቀቅ ፎቶ ላይ ያያችሁት ገንዳ ሁሉ ሞልቶ አትጠብቁ። ከላይ ጥንታዊቷ ከተማ ሄራፖሊስ አለች፤ የሐዋርያው ፊልጶስ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም እዚያ ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ የወደቁ አምዶች ላይ የምትዋኙበት ገንዳ ለብቻው ያስከፍላል፣ እኔ ግን ክፈሉና ግቡ እላለሁ።

ቀጰዶቅያ ላይ ቢያንስ ሦስት ሌሊት እደሩ። ምክንያቱ ንጋት ላይ ሰው ይዞ የሚበረው የሞቀ አየር ባሉን ነው። ነፋስ ካለ በረራው ይሰረዛል፣ ስለዚህ ለመጀመሪያው ጠዋት ያዙ፣ ከተሰረዘ ሌሎቹ ጠዋቶች መጠባበቂያ ይሆኗችኋል። በበጋም ቢሆን ንጋት ላይ ይበርዳል፣ ጃኬት አትርሱ። ዋጋው ከበዛባችሁ ከጎረሜ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ሲነሱ ተመልከቱ፣ እሱም በጣም ደስ ይላል።

የቀጰዶቅያ ሹል ድንጋዮች የእሳተ ገሞራ አመድ ጠጥሮ የሠራቸው ናቸው፤ ለስላሳ ስለሆኑ ሰው ቤትም ቤተ ክርስቲያንም ፈልፍሎባቸዋል። ላሊበላን ያየ ሰው እጁን ግድግዳው ላይ ሲያሳርፍ የመሮውን ምልክት ወዲያው ይለየዋል። ጎረሜ ሙዚየም ውስጥ ጨለማው ቤተ ክርስቲያን የተለየ ክፍያ አለው፤ ብርሃን ብዙ ስላልገባበት ሥዕሉ ቀለሙን ጠብቋል።

ደሪንኩዩ የምድር ውስጥ ከተማ እስከ 85 ሜትር ገደማ ይወርዳል። መተላለፊያው ጎንበስ ያስብላል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ካለ አንዳችሁ ውጭ ቆዩ፣ አትገፋፉ። የገባው ሰው ከውስጥ ብቻ የሚንከባለሉትን ክብ የድንጋይ በሮች ሳያይ አይውጣ።

መመለሻውን ከካይሰሪ አድርጉት። የጥንቷ ቂሳርያ ናት፣ በስሙ ቅዳሴ ያለን ቅዱስ ባስልዮስ ጳጳስ የነበረባት። በረራችሁ የማታ ይሁን፤ ባሉኑ ለመጨረሻው ጠዋት ቢተላለፍ እንኳ ትደርሳላችሁ።