አዲስ የተመለመለ የፉቲ አማካይ ሲመዘን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ፉቲ የሚባለው በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሊግ 18 ክለቦች ድራፍት በሚባለው ምልመላ ተራ በተራ ወጣቶችን ይመርጣሉ። ተራው በሰንጠረዡ ግርጌ ከቀረው ክለብ ይጀምርና ዋንጫውን ባነሳው ያበቃል፤ ክለቦች ተራቸውን እርስ በርስ ስለሚለዋወጡ ግን ቅደም ተከተሉ በዕለቱ ብዙ ጊዜ ተገለባብጦ ይገኛል። ከሚመረጡት አብዛኞቹ ገና 18 ዓመት የሞላቸው ልጆች ናቸው። በማግስቱ ደጋፊው በሁለት ጎራ ይከፈላል፤ ገሚሱ «ክለባችን ዳነ» ሲል ገሚሱ «ተራችንን በከንቱ አቃጠልነው» ይላል። ልጁ ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ የክለቡን ማሊያ ለብሶ ፎቶ ከመነሳት በቀር ያደረገው ነገር የለም።

እኔ የምኖረው በምዕራብ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ውስጥ፣ ከዌስተርን ቡልዶግስ ክለብ ሜዳ ከዊተን ኦቫል በእግር በሚደረስበት ሰፈር ነው። ምግብ ቤቶቻችን በተደረደሩበት በዚህ አካባቢ የቡልዶግስን ማሊያ የለበሰ የሐበሻ ልጅ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ቡና ላይ የሚነሳው የፉቲ ክርክርም እንደዚያው። በክርክሩ ውስጥ እየተመላለሱ የሚሰሙ ስህተቶች አሉ፤ ከሁሉም አብልጠው የሚጎዱት ደግሞ አማካዩን ነው። አጥቂ በጎሉ፣ ተከላካይ ባስጣለው ኳስ ይታወቃል፤ የአማካይ ሥራ ግን 160 ሜትር ገደማ በሚረዝም ሜዳ ላይ ተበታትኖ ስለሚውል ሰብስቦ ለማየት ልምድ ይጠይቃል። የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የተመረጠበትን ቁጥር እንደ ትምህርት ቤት ደረጃ መቁጠር ነው። ዴን ስዋን በ2001 በ58ኛ ተራ ተመረጠ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በ2011 ላኪ ኒል በዚያው በ58ኛ ተራ ተመረጠ። ዳኞች ከየጨዋታው በኋላ በሚሰጡት ድምፅ የሚወሰነውን የብራውንሎው ሜዳሊያ ስዋን በ2011 ሲወስድ ኒል በ2020ና በ2023 ሁለት ጊዜ አጠለቀው። ፓትሪክ ክሪፕስ ደግሞ በ2013 በ13ኛ ተራ ነው የመጣው፤ እሱም ሜዳሊያውን በ2022ና በ2024 ወስዷል። ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ የኅዳር ምሽት መልማዮች የገመቱትን ነው፤ ያም ግምት ክለቡ በጊዜው ምን ዓይነት ተጫዋች እንደጎደለው፣ ከፊቱ የተሰለፉት ክለቦች ማንን እንደወሰዱና ልጁ በዚያ ዓመት ጤነኛ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ይቀላቀልበታል። አንዳንዴ ቁጥሩ የክለቡ የራሱ ምርጫ እንኳ አይደለም። ኒክ ዴይኮስ በ2021 በ4ኛ ተራ ወደ ኮሊንግዉድ የገባው አባቱ ፒተር ለክለቡ 100 ጨዋታና ከዚያ በላይ ስለተጫወተ ክለቡ ልጁን የማስቀረት መብት ስለነበረው ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ተራውን የሚወስነው ሌላ ክለብ ልጁን ለመውሰድ እጁን ያወጣበት ቦታ ነው። ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ቁጥር ዋጋ የለውም» ወደሚል ተቃራኒ ጫፍ የሚሮጡም አሉ፤ እነሱም ልክ አይደሉም፤ በ2018 በ1ኛ ተራ ካርልተን የወሰደው ሳም ዋልሽ በቀጣዩ ዓመት የምርጥ ወጣት ተጫዋችነትን ሽልማት ማሸነፉ በአጋጣሚ አይደለም።

ከሁሉም የሰፋው፣ እኔም ዓመታት የወሰደብኝ ስህተት ኳስ የነካበትን ብዛት ቆጥሮ መፍረድ ነው። በፉቲ ተጫዋች ኳሷን የሚያቀብለው በእግሩ መትቶ ወይም በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቡጢ ገጭቶ ነው፤ የሁለቱ ድምር በየጋዜጣው የሚወጣው ትልቁ ቁጥር ነው። ልጁ 25 ጊዜ ካቀበለ ይሞገሳል፣ 12 ጊዜ ካቀበለ ይታማል። ነገር ግን ከ25ቱ ምን ያህሉ ማንም ሳይነካው በክፍት ሜዳ ተቀብሎ ለቅርብ ጓደኛው መልሶ የሰጣቸው እንደሆኑ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከሦስት ሰው እግር ሥር ፈልቅቆ ያወጣቸው እንደሆኑ ካልተለየ ድምሩ ምንም አይነግረንም። ስለዚህ ለአማካይ መጀመሪያ መታየት ያለበት በሽሚያ ያገኘው ኳስ ብዛትና ከግርግሩ ለቡድኑ ስንት ጊዜ አስወጥቶ እንደሰጠ ነው።

ግርግሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በሜዳው መሀል 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አለ፤ ከጎል በኋላ ጨዋታው እንደገና ሲጀመር ከየቡድኑ አራት ተጫዋች ብቻ ይገባበታል፤ አንዱ ራክ የሚባለው ረጅም ዘላይ፣ ሦስቱ አማካዮች ናቸው። ኳሷ ወደ አየር ስትወጣ ሁለቱ ራኮች ዘልለው ይጋጫሉ፣ አንዳቸው በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ወደ ታች ይልኳታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጀው። ጎበዙ አማካይ ራኮቹ ከመዝለላቸው በፊት አንገቱን አዙሮ ከኋላው ማን እንዳለ አይቷል። ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ብሎ ኳሷን በመጀመሪያው ሙከራ ከመሬት ያነሳታል፤ ተጋጣሚው ወገቡን ሲጨብጠው ሁለቱ እጆቹ ከተጨባጩ ክንድ በላይ እንዲቀሩ አድርጎ ከፍ ያደርጋቸዋል፤ ምክንያቱም እጁ ከታሰረ ማቀበል አይችልም፣ ቀድሞ ለማቀበል ዕድል እያለው ሳይለቃት ከተያዘ ደግሞ ዳኛው ቅጣቱን ለተጋጣሚ ይሰጣል። ደካማው አማካይ ኳሷን በእግሩ ገፋ አድርጎ ተስፋ ያደርጋል፣ ወይም ሳያይ ወደ ኋላ ይወረውራታል። በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም «አንድ» ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ።

የአቀባበል ስኬት ተብሎ በመቶኛ የሚቀርበው ቁጥርም እንደዚሁ ያሳስታል። የሊጉን ቁጥሮች የሚመዘግበው ቻምፒየን ዴታ ከ40 ሜትር በላይ የሄደ ምት ጓደኛና ተጋጣሚ እኩል በሚሻሙበት ቦታ ቢያርፍ እንኳ እንደ ተሳካ ይቆጥረዋል፤ ልክም ነው፣ ምክንያቱም ክልል አስለቅቋል። ሦስት ሜትር ርቆ ለቆመ ጓደኛ የተሰጠ ቡጢም ስኬት ነው፤ ያ ጓደኛ በሚቀጥለው ቅጽበት ቢደፈጠጥም ጥፋቱ በአቀባዩ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ 80 በመቶ የያዘው ልጅ ከ60 በመቶው የተሻለ ነው ለማለት ማን ምን ዓይነት ኳስ ሲያቀብል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ከግርግሩ ውስጥ የሚያወጣ ልጅ መቶኛው ዝቅ ማለቱ የሥራው ባሕርይ ነው።

የቁጥሩን ነገር ሳልለቅ አንድ ልጨምር፦ ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ እንደነበር ይታይ። በአንድ ጨዋታ አንድ ቡድን መቀያየር የሚችለው 75 ጊዜ ብቻ በመሆኑ አሰልጣኞች የመቀያየሩን ዕድል በአብዛኛው ለአማካዮች ይጠቀሙበታል፤ ወጣቱ ደግሞ ከአንጋፋዎቹ ይበልጥ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በግማሽ ጊዜ የተሰለፈን ልጅ ሙሉ ቀን ከተጫወተ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

በቅንብር ቪዲዮ መፍረድን በአጭሩ ልለፈው፤ በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ የተበላሸ ምት ተካትቶ አይቼ አላውቅም።

የወጣቶች ሊግ ቁጥሮችን እርስ በርስ ማወዳደርም ጥንቃቄ ይሻል። በቪክቶሪያ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት የነበረ ልጅና በደቡብ አውስትራሊያ ወይም በምዕራብ አውስትራሊያ የክልል ሊግ ከ28 ዓመት ጎልማሶች ጋር ትከሻ ለትከሻ የተጋጨ ልጅ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያስመዘግቡ ቁጥሩ አንድ አይደለም። የልደት ወርም ሚዛን ያዛባል፤ በአንድ ምልመላ ውስጥ በጥር የተወለደና በታኅሣሥ የተወለደ ልጅ አብረው ይገኛሉ፣ በዚያ ዕድሜ የአሥራ አንድ ወር ልዩነት ደግሞ በጭንና በትከሻ ላይ በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደ ትዕግሥት እንምጣ፤ እዚህ ላይ ስህተቱ በሁለቱም ወገን ነው። ክሪፕስ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2014፣ የተሰለፈው በ3 ጨዋታ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በ2ኛ ተራ ሜልበርን የወሰደው ክርስቲያን ፔትራካ ውድድሩ ሳይጀመር የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ 2015ን በሙሉ ሳይጫወት አሳለፈ፤ በ2021 ግን ክለቡ ለ57 ዓመት የራቀውን ዋንጫ ሲያነሳ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነበር። ፓትሪክ ዴንጀርፊልድ በ2007 ምልመላ በአደሌድ ተመርጦ ቀጣዩን ዓመት በአብዛኛው ቪክቶሪያ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን ሲጨርስ አሳለፈ። በእነዚህ ልጆች ላይ በመጀመሪያ ዓመታቸው መጨረሻ የተሰጠ ፍርድ ምን ያህል ባዶ እንደነበር አሁን ለማየት ቀላል ነው።

ማት ራውል ደግሞ የችኮላ ውዳሴንም የችኮላ ሐዘንንም በአንድ ሰው ላይ ያሳየናል። በ2019 ጎልድ ኮስት በ1ኛ ተራ ወሰደው፤ በ2020 ከመጀመሪያዎቹ 5 ጨዋታዎቹ በሦስቱ ዳኞች ከፍተኛውን 3 ድምፅ ሰጡት፣ በአምስተኛው ትከሻው ተጎዳና ዓመቱ አበቃ። በቀጣዩ ዓመት ገና ከመነሻው ጉልበቱ ተጎዳ። በመጀመሪያው ወር «ከሁሉም የሚበልጥ» ያሉት አንደበቶች በሁለተኛው ዓመት «ሰውነቱ አይችልም» ማለት ጀመሩ። ራውል ግን ያንኑ ሥራውን፣ ኳስ ካለበት ገብቶ መያዝንና ማስጣልን ሲሠራ ኖሮ በ2025 ብራውንሎውን አሸነፈ። በእኔ ግምት አማካይን በትክክል ለመመዘን ቢያንስ ሦስት ሙሉ የውድድር ዓመት ያስፈልጋል፤ ጉዳት የወሰደው ዓመት አይቆጠርም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ አለ። አሰልጣኙ ወጣቱን አማካይ በግራ ወይም በቀኝ የኋላ ክንፍ ሲያሰልፈው ደጋፊው «በመሀል አልቻለም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። ከኋላ ሲጫወት ጨዋታው ከፊቱ ተዘርግቶ ስለሚታየው፣ የሚመጣበት ግጭትም ስለሚቀል፣ ይህ ብዙ ጊዜ የማሳደጊያ ዘዴ ነው። ዴይኮስ በ2022 የምርጥ ወጣትነቱን ሽልማት ያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ተሰልፎ ነው፤ ወደ መሀል የገባው ቀስ በቀስ ነው።

«አዲሱ ጀድ» የሚባለውም ነገር ይብቃ። ክሪስ ጀድ በ2001 በ3ኛ ተራ ተመርጦ በ2004ና በ2010 ብራውንሎውን የወሰደ፣ ከግርግር እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ የሚወጣ አማካይ ነበር። ፈጣን እግር ያለው ልጅ በመጣ ቁጥር ያ ስም ይለጠፍበታል፤ ከዚያ ልጁ ጀድን ባለመሆኑ ይወቀሳል።

ሰዎች የሚረሱት ደግሞ ልጁ ከቤቱ መውጣቱን ነው። ምልመላው የደቡብ አውስትራሊያን ልጅ ወደ ሜልበርን፣ የሜልበርንን ልጅ አውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ በሚወስደው ርቀት ወደ ፐርዝ ይልካል፤ ልጁ የት እንደሚኖር የመምረጥ መብት የለውም። የደቡብ አውስትራሊያው ጄሰን ሆርን-ፍራንሲስ በ2021 በ1ኛ ተራ ለኖርዝ ሜልበርን ተመርጦ አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ ወደ አገሩ፣ ወደ ፖርት አደሌድ ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ በየሜዳው ጩኸት ተቀበለው። እኛ ከቤተሰብ ርቆ በሰው አገር መጀመር ምን እንደሆነ ሳንነገር የምናውቅ ሰዎች በዚህ ላይ ከጯኺዎቹ ጋር መጮኻችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የመጨረሻው ስህተት ዓይንን ከኳሷ አለመንቀል ነው። ባለፈው ዓመት ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሆነን በዊተን ኦቫል የተጠባባቂዎቹን ጨዋታ አጥሩ ላይ ተደግፈን ስናይ፣ አንድ አዲስ ምልምል በመጀመሪያው ሩብ ኳስ የነካው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። ልጁ ስልኩን ከፍቶ ቁጥሩን አየና «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ምንም አልሠራም» አለኝ። እስቲ ኳሷን ተዋትና እሱን ብቻ እየው አልኩት። በሁለተኛው ሩብ ኳሷ ከእጃችን ስታመልጥ የምልምሉ ተጋጣሚ ወደ ጎላችን ተፈተለከ፤ ምልምላችን ሰማንያ ሜትር ያህል ከጎኑ ሳይለይ ሮጠ፤ ኳሱን የያዘው ሰው ቀና ብሎ አየ፣ የተፈተለከው ጓደኛው ብቻውን ስላልሆነ ሐሳቡን ቀየረ፣ ወደ ጎን መታትና ከመስመር ወጣች። በሰንጠረዡ ላይ ከምልምላችን ስም ፊት ምንም አልተጨመረም። ቆሞ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተነፈሰ፣ ከዚያ ወደ መወርወሪያው ቦታ በሩጫ ሄደ።

በሦስተኛው ሩብ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ነበር። «ጋሼ፣ አሁንም ተመለሰ» አለኝ፣ አራተኛ ጣቱን እያጠፈ።