የገናን ዛፍ መቼና እንዴት እናቁም?
ብዙ ቤተሰቦች የገናን ዛፍ የሚያቆሙት ከዲሴምበር 25 በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ውስጥ ሲሆን፣ እስከ ዋዜማው ዕለት የሚጠብቁም አሉ። ተቆርጦ የመጣ ዛፍ ከሆነ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ እጅግ መቸኮል አይበጅም። ከግንዱ ግርጌ 2 ሴንቲሜትር ያህል በመጋዝ ቆርጠው፣ የተቆረጠው የግንዱ ገጽ በዛፉ ሙጫ ሳይደፈን ዛፉን ውኃ በያዘ ማቆሚያ ላይ ይትከሉት፤ የደረቀ ዛፍ በቀላሉ በእሳት ስለሚያያዝም ውኃውን በየዕለቱ ይሙሉ፣ ዛፉንም ከማሞቂያና ከሻማ ያርቁ፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይታክተኝም።

ከጌጦች ሁሉ የሚቀድመው መብራቱ ነው፤ ሽቦው አለመላጡን አይተው ከግንዱ አጠገብ ወደ ቅርንጫፎቹ ጫፍ እያወጡ ይጠምጥሙት። ከባድ ጌጦች ወደ ግንዱ ተጠግተው፣ የሚሰበሩትም ሕፃናት በማይደርሱበት ከፍታ ይንጠልጠሉ። ኮከቡ የሚሰቀለው በመጨረሻ ሲሆን፣ ይህን ክብር ለቤቱ ታናሽ ልጅ መተው መልካም ነው። ከመተኛትዎ በፊት መብራቱን ያጥፉ።