ደብረ ብርሃን ላይ በሶሌታ ጣሪያ አትክልት እንዴት ይለማል?

በሶሌታ፣ ማለትም በጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ላይ አትክልት ለማልማት የሚያስብ ሰው አፈር ከማውጣቱ በፊት የቤቱን አቅም ማወቅ አለበት። የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ ከራሱ ክብደት ሌላ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል እንዲሸከም ተደርጎ ይነደፋል፤ ሰው እንዲወጣበት ያልታሰበ ጣሪያ ግን ከዚያም ያነሰ አቅም ሊኖረው ይችላል። በ20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት የተደለደለ ርጥብ አፈር ደግሞ በካሬ ሜትር ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ስለዚህ መሐንዲስ ሳያማክሩ መጀመር አይገባም። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ነገሩን ትቶ ግቢን ማልማት ይሻላል።

ቀጥሎ የውኃ መውረጃውን ዘግቶ፣ መሐንዲሱ ከፈቀደ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ለአንድ ቀንና ሌሊት ማቆርና ከሥር ባለው ክፍል እርጥበት መታየት አለመታየቱን መመልከት ያስፈልጋል። የሚያፈስ ሶሌታ ሳይጠገን አትክልቱ የሚተከልበት ሳጥን አይቀመጥበትም።

ሳጥኖቹ ከሥር ግድግዳና ቢም (ሶሌታውን የሚሸከም የኮንክሪት አግዳሚ) ባለበት መስመር፣ ውኃ ከሥራቸው እንዲያልፍ በጣውላ ቁራጭ ከፍ ተደርገው ይደረደራሉ። አፈር፣ ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በሚገባ የበሰበሰ የበግ ፍግ እኩል እኩል ተደባልቀው በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢሞሉ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ለቆስጣና ለሰላጣም ይበቃል። ፍጉ በአካባቢያችን አይጠፋም፤ ትኩሱ ግን ሥር ያቃጥላል።

የደብረ ብርሃን ፈተና ውርጭ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ባቆመ ሌሊት ቅዝቃዜው ይበረታል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ቲማቲም ተክዬ ነበር፤ ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ስወጣ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ግንዱ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የምተክለው ቆስጣ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ነው። እነርሱንም ቢሆን አፈሩን ከሰዓት በኋላ አጠጥቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅጠሉን በማይነካ የቀርከሃ ቅስት ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ማልበስና ጠዋት ሲሞቅ መግለጥ ይጠቅማል።

ለበጋው ውኃ ማጠራቀም ያሻል፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 500 ሊትር ይሆናል። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ስለሚመዝን ቦታው መሬት ላይ ነው። ቆስጣው ሲደርስ የውጩን ቅጠል እየቆረጡ እምብርቱን መተው፣ ክረምት ሳይገባም በግንቦት መውረጃውን ከአፈርና ከቅጠል ማጽዳት ያስፈልጋል።