በአማርኛ ፖስተር ለሚያዘጋጁ፦ ከመስመር እስከ ሚዛን

ስለ ሥነ ጥበብና ንድፍ የሚጻፉ መማሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ መስመርን፣ ቅርጽን፣ ቀለምን፣ የብርሃንና የጥላ መጠንን፣ ልስላሴና ሻካራነትን፣ ቦታን እንደ አላባውያን፣ ሚዛንን፣ ተቃርኖን፣ አጽንዖትን፣ ምትን፣ ምጣኔንና አንድነትን ደግሞ እንደ መርሖች በተራ ዘርዝረው ያልፋሉ። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ለጀማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከእነዚህ የትኛው እንደሚቀድም ማወቅ ነው። በእኔ እምነት የሚቀድመው አጽንዖት ነው። የተመልካቹ ዓይን በመጀመሪያ የት እንደሚያርፍ ያልተወሰነበት ሥራ፣ ቀለሙ ቢያምርም መስመሩ ቢስተካከልም፣ መልእክቱን አያደርስም። ይህንን ለማሳየት የሥዕል ዐውደ ርእይ የሚያስተዋውቅ፣ 297 በ420 ሚሊ ሜትር በሆነ የኤ3 ወረቀት ላይ የሚታተም የአማርኛ ፖስተር እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመልከት።

ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት በፖስተሩ ላይ የሚሰፍረውን ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፉት፦ የዐውደ ርእዩ ርእስ፣ የሠዓሊው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የደጋፊዎች አርማ። ከዚያም በአስፈላጊነታቸው ቅደም ተከተል ቁጥር ይስጧቸው፤ አንደኛ የሚሆነው ግን አንድ ብቻ ይሁን። አዘጋጆች ስማቸውም፣ አርማቸውም፣ ርእሱም እኩል እንዲጎላላቸው ሲጠይቁ ይህንን ወረቀት አውጥቶ ማሳየት ብዙ ክርክር ያስቀራል፤ ምክንያቱም ሦስት ነገሮች እኩል ከጎሉ ዓይን አንዱንም ሳይመርጥ ያልፋል።

አጽንዖትን በቁጠባ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ለመማር ከብራና መጻሕፍት የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ቁም ጸሐፊው አንድም ፊደል ከመጣሉ በፊት ብራናውን በወስፌ ወግቶ ያሰምራል፤ ጽሑፉን ብዙ ጊዜ በሁለት ዓምድ ከፍሎ፣ በግርጌው ከራስጌው የሰፋ ባዶ ቦታ ትቶ ይጽፋል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ይሄድና የቅዱሳን ስሞች፣ የምዕራፍ መክፈቻዎችና የመሳሰሉት ብቻ በቀይ ይጻፋሉ። ቀዩ ጎልቶ የሚታየው በገጹ ላይ ጥቂት ስለሆነ ነው። እርስዎም እንዲሁ አስቀድመው ያስምሩ፤ ለኤ3 ወረቀት በግራ፣ በቀኝና በራስጌ 20፣ በግርጌ ደግሞ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ጠርዝ ቢተው ለመነሻ ይበቃል። የውስጡን ስፋት በአራት ቀጫጭን ዓምዶች ይክፈሉትና ጽሑፎችዎ ሁሉ ከአንዱ የዓምድ መስመር እንዲጀምሩ ያድርጉ። መስመሮቹ በኅትመቱ ላይ አይታዩም፤ ሥራው የተስተካከለ መሆኑ ግን ለማንም ይታወቃል።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ፣ ግዕዝ እንደ ላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ቅርጽ የለውም፤ ስለዚህ ርእስን ከዝርዝር የምንለየው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለምና በዙሪያው በምንተወው ቦታ ብቻ ነው። ልዩነቱ ደፈር ያለ መሆን አለበት። ርእሱ ከቀጣዩ ጽሑፍ በጥቂት ነጥብ (በፊደል መጠን መለኪያ) ብቻ ቢበልጥ የአሠራር ስሕተት ስለሚመስል ሦስት እጥፍ ያህል ማድረግ ይሻላል። ለፊደሎቹ ጥላ፣ ጠርዝና ማንጸባረቂያ መጨመር በከተሞቻችን ማስታወቂያዎች ላይ ዘወትር የሚታይ ልማድ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከማስጠላት አልፎ ንባብን ያበላሻል። ካዕቡ «ቡ» እና ሣልሱ «ቢ» የሚለያዩት አንደኛው ከወገቡ፣ ሌላኛው ከእግሩ ሥር በምትወጣ አጭር ጭረት ነው። ወፍራም ጠርዝ ወይም ጥላ ሲጨመር ይህች ጭረት ትዋጣለች፤ በ«ቤ» እግር ሥር ያለችው ቀለበት ቀዳዳዋ ይደፈናል፤ አንባቢም ቃሉን በግምት ያነባል። ፊደላችን እኩል ቁመት ስለሚበዛው ተደራርቦ ሲጻፍ ገጹ እንደ ግድግዳ ይጠብቃል፤ ስለዚህ በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ኮምፒውተሩ በራሱ ከሚሰጠው ሰፋ ያድርጉት።

ከፊደል ቀጥሎ የብርሃንና የጥላ መጠን ይመጣል፤ ብዙ ጀማሪዎች ከቀለም ጋር ያምታቱታል። ሁለት ቀለማት በዓይነታቸው እጅግ ተለያይተው በድምቀታቸው ግን እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። በሰንደቅ ዓላማችን ላይ ያሉት አረንጓዴና ቀይ እንዲህ ናቸው፤ ፖስተሩን ወደ ጥቁርና ነጭ ቢቀይሩት ሁለቱ ወደ ተቀራራቢ ግራጫ ይለወጣሉ፣ ቢጫው ብቻ ፈክቶ ይቀራል። በሰንደቅ ዓላማው ላይ ቢጫው በመካከላቸው ስለሚገባ አይጋጩም። በአረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ ጽሑፍ ሲጻፍ ግን ዓይንን ያወዛውዛል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግራቸው ሰዎች ደግሞ ፈጽሞ ላይነበብ ይችላል። በነጭ ላይ ቢጫ መጻፍም የዚያኑ ያህል ከንቱ ነው። ስለዚህ ሥራውን ግማሽ ላይ ሲያደርሱ ወደ ግራጫ ቀይረው ይመልከቱት፤ ርእሱ በግራጫውም ጎልቶ ከታየ ተቃርኖው በቂ ነው። ቀለማቱንም አንድ ዋና፣ አንድ ደጋፊና ለአጽንዖት ብቻ የሚውል አንድ ሦስተኛ ላይ ይገድቧቸው።

የዐውደ ርእይ ፖስተር አራት ትንንሽ ሥዕሎች ከሚደረደሩበት አንድ ሥዕል ሰፋ ብሎ ቢይዘው ይመረጣል። በሥዕሉ ላይ ሰው ካለ የሚያይበትን አቅጣጫ ልብ ይበሉ፤ ተመልካቹ ዓይኑን ተከትሎ ስለሚሄድ ጽሑፉን ሰውየው በሚመለከትበት በኩል ያስቀምጡ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የዓይንን ኃይል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ጻድቃንን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኣንን በጎን በአንድ ዓይን የመሣል ልማዳቸው ማን መልካም፣ ማን ክፉ እንደሆነ ማንበብ ለማይችለው ምእመን ሳይቀር ይነግር ነበር።

ሚዛን ሲባል ሁሉን ነገር መሐል ላይ ማድረግ ብቻ አይደለም። በአንድ በኩል ያለ ትልቅ ጠቆር ያለ ሥዕል፣ በሌላው በኩል በሰፊ ባዶ ቦታ በተከበበ አጭር ጽሑፍ ሊመዘን ይችላል፤ ባዶው ቦታ ራሱ ክብደት ስላለው በጌጥ ለመሙላት አይቸኩሉ። ምትን በሚመለከት፣ በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ በረድፍ የተሣሉትን ባለክንፍ የመላእክት ፊቶች ያስቡ። ድግግሞሹ ጣሪያውን አንድ ያደርገዋል፤ ከፊት ወደ ፊት የሚታየው ትንሽ የገጽታ ልዩነት ደግሞ ዓይን እንዳይሰለች ይይዘዋል። በፖስተሩ ላይም የፊደል ዓይነት፣ የመስመር ውፍረትና ርቀት ይደጋገሙ፤ የሚለወጠው ትኩረት የተፈለገበት ብቻ ይሁን። ቀኑን፣ «ከቀኑ 8 ሰዓት» የሚለውንና ቦታውን አጠጋግተው በአንድ ሥፍራ ያኑሯቸው፤ አርማዎቹን ግን ከእነርሱ አርቀው በግርጌ ይደርድሩ።

ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ሲያዘጋጁ የሥዕሎቹ ጥራት በኢንች 300 ነጥብ፣ የቀለም አሠራሩም የኅትመቱ አራት ቀለማት ማለትም ሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጄንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር መሆኑን ያረጋግጡ፤ በስክሪን ላይ የሚታየው ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ በቀለም ሲታተም ደብዘዝ ማለቱ አይቀርም። መደቡ እስከ ወረቀቱ ጫፍ የሚደርስ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ተርፎ ይውጣ። ብዛቱ ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አሳትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና፣ ስለ ዝግጅቱ ምንም የማያውቅ ሰው ከአራት እርምጃ ርቀት ቆሞ በመጀመሪያ ያየውን እንዲነግርዎ ይጠይቁት። የነገረዎት በወረቀትዎ ላይ አንደኛ ቁጥር የሰጡት ካልሆነ፣ ርእሱን ከማሳደግዎ በፊት ዓይኑን የሳበበትን ነገር ያሳንሱ።