የፕላኒንግ ኢንጂነርን ባለበት የሚያስቀሩ ስህተቶች

የግንባታ ሥራን ጊዜ የሚያቅድና የሚከታተል ፕላኒንግ ኢንጂነር (ፕላነር) ሆናችሁ አራት አምስት ዓመት ሠርታችሁ፣ ዛሬም ሥራችሁ በየሳምንቱ ሥራው ስንት ፐርሰንት እንደደረሰ ለቃቅሞ ሪፖርት መላክ ብቻ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የችሎታ ማነስ አይደለም። በጣም ጎበዝ ሆነው እዚያው የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ሶፍትዌሩን እንደ ሙያው መቁጠር

ስኬጁል (የሥራ የጊዜ ሰሌዳ) የሚሠራበትን ሶፍትዌር፣ ፕሪማቬራን፣ ማወቅ ግዴታ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው ስሌት፣ ማለትም ቢዘገዩ የፕሮጀክቱን ማለቂያ የሚያዘገዩትን (ክሪቲካል) ሥራዎች የሚለየው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ሲጀመር ፕሪማቬራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የፕሪማቬራ ኩባንያ ራሱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። አሥር ሥራዎችን ወረቀት ላይ አገናኝታችሁ፣ ከፊት ወደ ኋላና ከኋላ ወደ ፊት አስልታችሁ ፍሎቱን (አንድ ሥራ ማለቂያውን ሳይነካ ሊዘገይ የሚችልበትን ቀን) በእጃችሁ ማውጣት ካቃታችሁ፣ ሶፍትዌሩ እንዲያሰላ ኤፍ9 ስትጫኑ የሚመጣላችሁን ቀን ከማመን ውጭ ምርጫ የላችሁም። «ይህ ሥራ ለምን ክሪቲካል ሆነ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ «ሶፍትዌሩ ነው ያለው» የሚል መልስ የሰጣችሁ ቀን፣ ስብሰባው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ምን ብሎ እንደመዘናችሁ አስቡት።

ከቢሮ ሳይወጡ ማቀድ

ይሄኛው የራሴ ነው። መጀመሪያ በሠራሁበት ፕሮጀክት ለእያንዳንዱ ወለል ስላብ (የወለል አርማታ) ሰባት ሰባት ቀን ሰጥቼ፣ ሁለት ብሎኮችን ጎን ለጎን አስኬድኳቸው። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ያምራል። አንድ በዕድሜ የገፉ ፎርማን ወረቀቱን ዝም ብለው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ክሬኑ አንድ እኮ ነው። ማክሰኞ የፌሮ ብረቱን እዚህ ሲያነሳ፣ እዚያ ማዶ ያለውን የአርማታ ካሳ ማን ሊያነሳልህ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሥራዎቹን በቅደም ተከተል አገናኝቻለሁ፤ ግን ሁለቱም ብሎኮች አንድ ክሬን እንደሚጠብቁ የትም አላስገባሁም።

ከዚያ በኋላ ልማዴን ቀየርኩ። ፐርሰንት በስልክ መጠየቅ ተውኩና ጠዋት ጠዋት ሳይት መዞር ጀመርኩ። «ስንት ፐርሰንት ደረሳችሁ?» ስትሉት ሰው የሚነግራችሁ ስሜቱን ነው። «ትናንት ስንት ሜትር ኩብ አርማታ ሞላችሁ? ስንት ሰው ነበራችሁ?» ስትሉ ግን የምትይዙት ምርታማነት ነው፤ እሱ ደግሞ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት እቅድም የምትወስዱት ሀብት ነው። የራሱ የምርታማነት መዝገብ ያለው ፕላነር ቃለ መጠይቅ ላይ ወዲያው ይለያል።

አለቃን የሚያስደስት ስኬጁል መሥራት

ማለቂያው ቀን ከላይ ይመጣል። ስኬጁሉ ሲሰላ ስድስት ሳምንት ያልፈዋል። ከዚያ ፈተናው ይጀምራል፦ ቀን መቀነስ፣ በሥራዎች መካከል ያለውን ሊንክ መበጠስ፣ የግዳጅ ቀን መትከል። ቀኑ ይገጥማል፤ እናንተ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የምትከታተሉት የውሸት እቅድ ነው፣ ሲፈርስም የሚጠየቀው ያዘጋጀው ሰው ነው። የአሜሪካ መከላከያ ውሎችን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ባለ 14 ነጥብ የስኬጁል መፈተሻ አለ። ሎጂክ የጎደላቸው፣ ማለትም ከሚቀድማቸው ወይም ከሚከተላቸው ሥራ ጋር ያልተገናኙ ሥራዎች ከ5 በመቶ አይብለጡ፣ ጠንካራ የቀን ገደብ ያለባቸውም እንዲሁ፣ ከ44 የሥራ ቀን በላይ ፍሎት ያላቸውም እንዲሁ፣ ኔጌቲቭ ፍሎት (ከተሰጠው ቀን ማለፍን የሚያሳይ) ጭራሽ አይኑር ይላል። ሌላ ሰው ሳይፈትሻችሁ ራሳችሁን ፈትሹበት። በርግጥ ይህን ያለፈ ስኬጁል ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የእኔ የክሬን ጣጣ እዚህ ውስጥ አይታይም ነበር።

ለአለቃችሁ «አይቻልም» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። «ሁለተኛ ፈረቃ ብናስገባ ይህን ያህል ቀን እናተርፋለን፣ ይህን ያህል ወጪ አለው፣ ግን እስከዚህ ቀን መወሰን አለበት» በሉት። በውሳኔ ስብሰባ ላይ የሚጠራው እንዲህ የሚያወራ ፕላነር ነው።

ውሉን ለሌላ ሰው መተው

«ውል የኮንትራት ክፍሉ ጉዳይ ነው» የሚል ፕላነር ግማሽ ሙያውን አሳልፎ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ሞዴል) ኮንትራክተሩ ሥራ ጀምር የሚለው ማሳወቂያ በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ዝርዝር ፕሮግራም ማቅረብ አለበት። ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚያስጠይቅ ነገር ሲፈጠርም፣ ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። ድሮዊንግ መዘግየቱን፣ ቦታ አለመረከቡን ከማንም ቀድሞ ስኬጁል ላይ የሚያየው ማነው? እናንተ ናችሁ። እስከ ወሩ ሪፖርት ድረስ ዝም ካላችሁ ከ28ቱ ቀን ብዙው ሄደ።

ደግሞ አደራ፣ የየወሩን አፕዴት በአሮጌው ፋይል ላይ አትጻፉበት። እያንዳንዱን በዳታ ዴቱ (መረጃው እስከ መቼ ያለውን እንደሆነ በሚያሳየው ቀን) ለይታችሁ አስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክርክር ሲመጣ የመዘግየት ትንተና የሚሠራው በእነዚያ ፋይሎች ነው። በነገራችን ላይ ይህ ራሱን የቻለ የሙያ መንገድ ነው፣ የክሌይም (የተጨማሪ ጊዜና ገንዘብ ጥያቄ) ባለሙያ ለመሆን ከፕላኒንግ የተሻለ መነሻ እምብዛም አላየሁም።

ቁጥር ሰጥቶ ትርጉሙን አለመናገር

እስከዛሬ የ40 ሚሊዮን ሥራ ታቅዶ የ36 ሚሊዮን ከተሠራ ኤስፒአይ (የተሠራው ለታቀደው ሲካፈል) 0.9 ነው። እሺ፣ እና? ኤስፒአይ ከ1 በላይ ሆኖም ፕሮጀክቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ውድ ግን የማያጣድፉ ሥራዎች ቀድመው ከተሠሩና ክሪቲካሉ ከቆመ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን 1 ይሆናል። ስለዚህ ከቁጥሩ ሥር ሁለት መስመር ጻፉ፦ ምን ዘገየ፣ ማን ምን ያድርግ።

ሳይመርጡ ሰርተፍኬት መሰብሰብ

መጀመሪያ መንገዱን ምረጡ። በፕላኒንግና በፕሮጀክት ኮንትሮል ማደግ ለሚፈልግ የስኬጁሊንግ ፈተናዎቹ፣ ማለትም ፒኤምአይ-ኤስፒ ወይም የኤኤሲኢ (የወጪና የፕሮጀክት ኮንትሮል ባለሙያዎች ማኅበር) ፒኤስፒ ቅርብ ናቸው። ፕሮጀክት ማናጀር መሆን የሚፈልግ ፒኤምፒን (የፕሮጀክት ማናጀርነት ሰርተፍኬት) ያስብ፣ ግን እሱ ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ይጠይቃል፤ ስኬጁል አፕዴት ማድረግ መምራት አይደለም። ያንን ልምድ ለማግኘት ማናጀራችሁ ጋ ሄዳችሁ አንድ ትንሽ ሥራ ጠይቁ፤ የአጥር፣ የፍሳሽ መስመር፣ ምንም ይሁን፤ ጊዜውንም፣ ወጪውንም፣ ሰዎቹንም እናንተ የምትይዙትን።